ብርሃኑ በየት ገባ?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ። አንዱ ዕድሜያቸውን ከቀለም ጋር ያሳለፉ፣ ኋላም ወደ ዲጂታል ሥዕል የዞሩ አዛውንት ሠዓሊ ናቸው። ሌላዋ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የምትሠራ ወጣት ናት። ጨዋታቸው እንዲህ ነበር።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ሥዕል እንቅልፍ ነስቶኛል። ታሪኩ አያትና የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ ቡና ሲያፈሉ ነው። ጀበናውን ሣልኩ፣ ረከቦቱን ሣልኩ፣ ቡፌውን ከነዳንቴሉ፣ መሶቡን ከነክዳኑ ሣልኩ። አንድ በአንድ ሲታዩ አይከፉም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቤት አልሆን አሉኝ፤ ዕቃ የተደረደረበት ሱቅ ነው የመሰለው።

ሠዓሊው፦ እስቲ ወዲህ በይው። እጅሽ እኮ ጥሩ ነው። የጀበናው አንገት፣ የሆዱ ሙላት፣ አይተሽ የሣልሽው መሆኑ ያስታውቃል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብርሃኑ በየት ገባ?

ወጣቷ፦ ከላይ መሰለኝ።

ሠዓሊው፦ ከላይማ ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ ኮርኒስ አለ። እዪ፣ ጀበናው በግራ ጎኑ ያበራል፤ ቡፌው በቀኝ ጎኑ፤ አያትየው ላይ ደግሞ ፊት ለፊት በርቶባቸዋል። እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ስለሣልሽው ለእያንዳንዱ የየራሱን ፀሐይ አወጣሽለት። ቤት አልሆን ያለሽ ለዚህ ነው። የቤት ውስጥ ሥዕል ማለት በአንድ ቀዳዳ የገባ ብርሃን ከወዲያኛው ግድግዳ እስኪደርስ እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ መከተል ነው። ዕቃው ብርሃኑ መንገድ ላይ የሚያገኘው ነገር ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ መስኮቱን ወይም በሩን አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ ጀበናው በየት ጎኑ እንደሚያበራ መስኮቱ ራሱ ይነግርሻል።

ወጣቷ፦ የምሠራበት ዕቃስ ይበቃኛል ጋሼ? አይፓድ የለኝም። ፕሮክሬት የሚሠራው አይፓድ ላይ ብቻ ነው ሲሉኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ሠዓሊው፦ አብሽሪ። ክሪታ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ አንድሮይድ ታብሌት ላይም ይጫናል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው በአይቢስ ፔይንት ይሠራል። ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኚው ትንሽ የሥዕል ታብሌት ሁዮንም ይሁን ኤክስፒ ፔን፣ ብዕሩ የእጅሽን ጫና ካወቀልሽ በቂ ነው። እኔ የምሰጋልሽ ለመብራቱ ነው። መብራት ሲጠፋ የግማሽ ቀን ሥራ አብሮ እንዳይጠፋ አውቶ ሴቩን ክፈቺው፤ ትልቅ ለውጥ ከማድረግሽ በፊትም ሥራውን በሌላ ስም አስቀምጪ። ስለ ዕቃ ይኸው ይበቃናል።

ወጣቷ፦ እሺ፣ መስኮቱን አስቀመጥኩ እንበል። ቀጥሎስ?

ሠዓሊው፦ ቀጥሎ፣ አንቺ የት ነሽ? ቆመሻል ወይስ ተቀምጠሻል?

ወጣቷ፦ እኔማ ሥዕሉ ውስጥ የለሁም።

ሠዓሊው፦ አለሽ እንጂ። የሚያየው ዓይን ያንቺ ነው። ዓይንሽ ባለበት ከፍታ ሥዕሉን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ አግድም መስመር አለ፤ የዓይን ከፍታ የምንለው ነው። ሜዳ ላይ ሆነሽ ብትሥዪ አድማሱ የሚያርፈው እዚያው መስመር ላይ ነው። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይጋርደዋል እንጂ አይጠፋም። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የቆመ ሰው ግን 1.5 ሜትርን ያልፋል። አሁን ሥዕልሽን እዪ። ወለሉን ቆመሽ ነው ያየሽው፣ ቡፌውን ተቀምጠሽ፣ ረከቦቱን ደግሞ ከላይ ጎንበስ ብለሽ። ቡና ላይ ያለ ሰው ተቀምጧልና ሁሉንም በተቀመጠ ሰው ዓይን ሣዪው። ያን ጊዜ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች በሙሉ፣ ቅርብም ይሁኑ ጥግ ላይ፣ ዓይናቸው እዚያ መስመር ላይ ያርፋል። ከነሱ ራቅ ብላ የቆመች ትንሽ ልጅም ቁመቷ 1 ሜትር ከሆነ የራሷ አናት መስመሩን ይነካል። በሜትር መለካት ሳያስፈልግሽ የሰዎቹ መጠን በዚህ ይስተካከላል።

ወጣቷ፦ ወደ አንድ ነጥብ የሚሄዱት መስመሮችስ? ፐርስፔክቲቭ የሚሉት ነገር ሁሌ ያስፈራኛል።

ሠዓሊው፦ ለአንድ ተራ ክፍል የሚያስፈራ ነገር የለውም። የፊት ለፊቱን ግድግዳ እንደ አራት ማዕዘን አድርገሽ መሐል ላይ ሣዪ። የዓይን ከፍታው መስመር ላይ አንድ ነጥብ አኑሪ። ከነጥቡ ተነስተሽ በአራቱ ማዕዘን በኩል መስመር አውጪ፤ ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች፣ ወለሉና ኮርኒሱ ወጡልሽ። ክሪታ ላይ አሲስታንት ቱል የሚባል አለ፤ ቫኒሺንግ ፖይንቱን እዚያ ነጥብ ላይ ካስቀመጥሽው እጅሽን ይዞ ይመራሻል። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ትንሽ ካደረግሽው ክፍሉ ረጅም ይሆናል፣ ትልቅ ካደረግሽው ጠባብና ቅርብ ይሆናል። የደሴ የጭቃ ቤት ሳሎን ጠባብ ነው፤ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ተለቅ አድርጊው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የአያታቸውን ሳሎን ሲሥሉ የሆቴል አዳራሽ ያህል ርዝመት ይሰጡታል።

ወጣቷ፦ የኛ ቤት ኮርኒስ ችፑድ ነው፤ በቀጭን እንጨት በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ። ያንን ስሥል ወደ ኋላ ሲሄድ ርቀቱ አልመጥን አለኝ።

ሠዓሊው፦ በግምት አትከፋፍዪው። ኮርኒሱን በሙሉ ከያዝሽ በኋላ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ሰያፍ መስመር አቋርጪ። የሚገናኙበት ቦታ የኮርኒሱ እውነተኛ መሐል ነው፤ ሸራው ላይ ለክተሽ ከምታገኚው መሐል ራቅ ብሎ ወደ ኋላኛው ግድግዳ ይጠጋል። በዚያ በኩል አግድም መስመር ስታሳልፊ ኮርኒሱን ለሁለት ከፈልሽ። እያንዳንዱን ግማሽ እንደገና እንዲሁ አድርጊ፤ አራት ሆነልሽ። ለወለል ጣውላም፣ ለምንጣፍ ጥለትም፣ ግድግዳ ላይ ለተደረደረ ፎቶም ይኸው ይሠራል።

ግን የኛን ቤት ለመሣል ከአራት ማዕዘኑ በላይ የሚያስቸግረው ክቡ ነው። አስቢው፤ ስኒው ክብ ነው፣ መሶቡ ክብ ነው፣ ጀበናው፣ ማጨሻው፣ የከሰል ምድጃው፣ ምጣዱ፣ በርጩማው፣ ሁሉም ክብ ነው። ገጠር ብትወጪ ደግሞ ቤቱ ራሱ ክብ ነው።

ወጣቷ፦ እውነትዎን ነው። ስኒዎቹን ሁሉ አንድ ዓይነት እንቁላል አድርጌ ነው የሣልኳቸው። አንዱን ስኒ ኮፒ አድርጌ ነው ስድስቱንም ያወጣሁት።

ሠዓሊው፦ ያሳበቀብሽም እሱ ነው። ክብ ነገር በትክክል በዓይንሽ ከፍታ ላይ ሲሆን አፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ውስጡ አይታይሽም። ከዓይንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር አፉ እየተከፈተ ይሄዳል። ስለዚህ ተቀምጠሽ ስታዪ የመሶቡ ከንፈር ጠበብ ያለ ሞላላ ነው፤ የመሶቡ እግር ወለል ላይ ስለሆነ ሞላላው ሰፋ ይላል። ረከቦቱ ላይ ያለው ስኒ ከመሶቡ ከንፈር ዝቅ ያለ ነውና አፉ ከሱ በላይ ተከፍቶ ይታያል። አያትየው ስኒውን አንስተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ደግሞ አፉ ይጠባል። ይህን ስታስተካክዪ ሥዕሉ ያለ ምንም ጥላ ወዲያው ይቀመጣል። ሌላው ነገር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዕቃ ከሆነ የሞላላው ረጅሙ ጎን አግድም ነው፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ሞላላ ካየሽ ዕቃው ሊወድቅ ነው ማለት ነው። የስኒው የታችኛው ክብ ከላይኛው ትንሽ ሰፋ ብሎ መከፈት እንዳለበትም አትርሺ፤ ሥሩ ጠፍጣፋ መስመር የሆነበት ስኒ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ወጣቷ፦ ጎጆ ቤት ውስጥ ከሆንኩስ? የጎን ግድግዳ የለውም፣ ማዕዘን የለውም።

ሠዓሊው፦ እዚያ ነጥቡን እርሺውና ሦስት ትልልቅ ሞላላ ሣዪ። አንዱ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት፣ ሁለተኛው የመደቡ ጠርዝ፣ ሦስተኛው ግድግዳው ከጣሪያው የሚገናኝበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዓይንሽ በታች ስለሆኑ ከወዲያ ማዶ ያለው ክፍላቸው ወደ ላይ ይቀለብሳል፤ ሦስተኛው ከዓይንሽ በላይ ነውና ወደ ታች ይቀለብሳል። ምሰሶው መሐል ላይ ይቆማል፤ የጣሪያው እንጨቶች ሁሉ ወደ ምሰሶው ጫፍ ይሰበሰባሉ። እንጨቱን ከመሣልሽ በፊት ግን ቆም በይ። ያ ጣሪያ ዘመኑን ሙሉ ጭስ የጠጣ ነው፤ ጥቀርሻው እንጨቱን ሁሉ አንድ ጥቁር አድርጎታል። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ቅርጹ ይሟሟ፤ ከሃያ እንጨት ሦስት አራቱን ብቻ አውጪ።

ወጣቷ፦ አሁን ወደ ብርሃኑ እንመለስ። እኔ በቀጥታ በቀለም ነው የምጀምረው።

ሠዓሊው፦ አትጀምሪ። መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ፣ ለዚያውም በትንሹ። የእጅ መዳፍ የምታህል ሸራ ክፈቺና ሦስት መደብ ብቻ ያዢ፤ ብርሃን፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። መስኮቱ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ያገኘው ሰውና ዕቃ መካከለኛ ነው። የቀረው ቤት በሙሉ ጨለማ ነው። አምስት ስድስት ዓይነት አድርገሽ ሞክሪ፤ አንዱ ላይ መስኮቱን ወደ ግራ፣ ሌላው ላይ በሩን ከኋላቸው። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ስታዪው ሰዎቹ የት እንዳሉ የሚለየው ሥዕል እሱ ነው የሚሠራው። የቤት ውስጥ ሥዕል የሚበላሸው ሁሉንም ነገር እኩል ለማሳየት ሲባል ነው። ቤት ውስጥ አብዛኛው ነገር በደንብ አይታይም፤ አለመታየቱን መፍቀድ አለብሽ።

ቀለም ከገባ በኋላም መቆጣጠሪያ አለሽ። ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ክፈቺ፣ ጥቁር ሙዪው፣ ብሌንዲንግ ሞዱን ከለር በዪው። ሥዕሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ታጠፊዋለሽ፣ ትከፍቺዋለሽ። በቀለም ሲታይ ያማረ፣ በጥቁርና ነጭ ሲታይ ግን አንድ ግራጫ የሆነ ሥዕል መሠረት የለውም።

ወጣቷ፦ የቤታችንን ፎቶ አንስቼ ነበር። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ተቃጠለ፣ ጥጉ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ። እንደዚያ አድርጌ ልሣል ወይ?

ሠዓሊው፦ ስልኩ እንደ ዓይንሽ አያይም። ዓይንሽ መስኮቱን ስታዪ ይጠባል፣ ጥጉን ስታዪ ይሰፋል፤ አእምሮሽ ሁለቱን ያጋጥምልሻል። ስለዚህ ሁለት ፎቶ አንሺ። አንዱን ስትወስጂ ስክሪኑ ላይ መስኮቱን ንኪው፤ ውጭው ይታያል፣ ቤቱ ይጨልማል። ሌላውን ስትወስጂ ጨለማውን ጥግ ንኪው፤ ዕቃው ይወጣል፣ መስኮቱ ይጠፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ሣዪ። ደግሞም ስልክሽ ሰፋ አድርጎ ሲያነሳ ዳር ያለውን ዕቃ ይለጥጠዋል፤ ዳር ያለ መሶብ ወፍሮና አዘንብሎ ይወጣል። እሱን እንዳለ አትቅጂው።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። የአያትየው ነጠላ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ወጣቷ፦ ነጭ።

ሠዓሊው፦ እስቲ ፎቶሽን ክፈቺና ከለር ፒከሩን ጥግ ላይ በተቀመጡት ሰው ነጠላ ላይ አድርጊው። ምን መጣ?

ወጣቷ፦ ውይ! ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ግራጫ ነው።

ሠዓሊው፦ አሁን መስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ንኪ። ያ ግድግዳ ከነጠላው ጎን ለጎን ብታዪው የጠቆረ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ከነጠላው በጣም ይበራል። ጥግ ላይ ያለ ነጭ፣ መስኮት ሥር ካለ ግራጫ ይጨልማል። ይህን ያመነ ሠዓሊ የቤት ውስጥ ሥዕልን ጨረሰው ማለት ይቻላል። አንቺ ነጠላውን ነጭ ያደረግሽው ነጭ መሆኑን ስለምታውቂ ነው።

ወጣቷ፦ የደሴ ብርሃንና የኮምቦልቻ ብርሃን አንድ ነው ይላሉ?

ሠዓሊው፦ ኧረ የት! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ 1,850 ሜትር አካባቢ ነሽ። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ቤት ውስጥ የሚገባው ብርሃን ግን ሌላ ነው። ደሴ በክረምት ጉም ትለብሳለች። ሰማዩ በሙሉ አንድ ነጭ ነው፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ጠርዝ የለውም፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ሲርቅ ይዝላል። ጥላውን በለስላሳ ብራሽ ትሠሪዋለሽ። ኮምቦልቻ ግን ቆላ ቀመስ ናት፤ ሙቀቱ በር ያስከፍታል፤ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ጠርዙ የተሳለ ቁራጭ ብርሃን ትጥላለች። እዚያ የምትጠቀሚው ሰሌክሽን ቱልና ጠንካራ ብራሽ ነው። ያ ቁራጭ ብርሃን ደግሞ ወለሉ ላይ ብቻ አይቀርም። ወለሉ ቀይ ከሆነ ቀይ ሙቀት ወደ ላይ ይረጫል፤ የመደቡ ፊት፣ የቀሚሱ ጫፍ፣ የአገጭ ሥር ሁሉ ይሞቃል። ግድግዳው ውኃ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ከሆነም ጥላው ውስጥ ያ ቀለም ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ስትሥዪ ደግሞ ፀሐዩ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ እንደሚወርድ አስቢ፤ ሰማዩ ገና እየበራ ቀጥተኛው ፀሐይ ይጠፋል። ቤቱ በዚያ ሰዓት ሰማያዊ ነው፤ ቡናውም ብዙ ጊዜ የሚፈላው ያኔ ነው።

ወጣቷ፦ ከሰሉስ? ከሰሉን ደማቅ ብርቱካናማ አድርጌ ዙሪያውን ሁሉ አበራሁት።

ሠዓሊው፦ አበዛሽው። ከሰል ትንሽ ብርሃን ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። የጀበናው ቂጥ ላይ ደማቅ፣ የአያትየው እጅ ላይ ሞቅ ያለ፣ ፊታቸው ላይ የነካ ያልነካ፣ ግድግዳው ላይ ምንም። አድ የሚለውን የሌየር ዓይነት ፍሙ ላይ ብቻ፣ ለዚያውም በጥቂቱ ተጠቀሚ። ከሥር የሚመጣ ብርሃን መሆኑንም እዪ፤ የአገጭን ሥርና የቅንድብን ሥር ያበራል። ፊቱን በሙሉ በዚህ ካበራሽ አያትየው ያስፈራሉ፣ ልጆቹ መጽሐፉን ይዘጉታል። ዋናው ብርሃን ቀዝቃዛው መስኮት ይሁን፣ ከሰሉ አንድ ሞቃት ጠብታ ይሁንልሽ።

ጭሱን ደግሞ በደንብ ተመልከቺ። የእጣን ጭስ ከጨለማ ግድግዳ ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ ከብሩህ መስኮት ፊት ሲደርስ ይጨልማል፣ ቡናማ ይሆናል። አንዱ ጅማት መሐል ላይ ቀለሙን ይቀይራል። ሁሉንም በነጭ ለስላሳ ብራሽ የሚሠራ ሰው ጭስ አላየም። ሌየሩን ለብቻው አድርጊ፣ ኦፓሲቲውን ዝቅ አድርጊ፤ ከማጨሻው ሲወጣ ቀጭንና ጠርዙ የጠነከረ ይሁን፣ ሲወጣ እየሰፋ ይጥፋ። በበር የገባው የፀሐይ ዘንግ አየር ላይ የሚታየውም ጭስ ወይም አቧራ ሲኖር ብቻ ነው። ያለ ጭስ ዘንግ አትሥዪ።

ወጣቷ፦ ሌየር ስንት ይበቃል? የኔ አርባ ደረሰ፣ ታብሌቱም ቀጥ አለ።

ሠዓሊው፦ ንድፉ፣ የየዕቃው መሠረታዊ ቀለም፣ ጥላው፣ ብርሃኑ፣ ጭሱ። ሰዎቹን ከቤቱ ለይተሽ ብትይዣቸው ጥሩ ነው። ከዚያ ያለፈው አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። ጥላውን መልቲፕላይ አድርጊና በክሊፒንግ ማስክ ከሥር ካለው ጋር እሰሪው፤ ከዕቃው ውጭ አይፈስም። ጥላ ብለሽ ጥቁር አታፍሺ፤ ጥቁር ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ግራጫ ያዢ። በመጨረሻ ዕቃና ወለል የሚነካኩበትን ቦታ እየዞርሽ አጥብቂ። የመሶቡ እግር ሥር ክር የምታህል ጥቁር መስመር አለች፤ ብርሃን ጨርሶ የማይደርስባት። ወለሉ ላይ በተጎዘጎዘው ቄጠማ መሐልም እንዲሁ። እሷ ከሌለች ዕቃው ሁሉ ተለጥፎ የቀረ ይመስላል።

ወጣቷ፦ የመሶቡን ስፌትስ ሁሉንም ልሥራው? ሰበዙን አንድ በአንድ ብዬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ሠዓሊው፦ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ላይ ብቻ ሥሪው። በብርሃኑ በኩል ጥለቱ ይፈዛል፣ በጥላው በኩል ይሰምጣል፤ መሐሉ ላይ አንድ መዳፍ ያህል ሰበዙን አጥርተሽ ብታወጪ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይሰፋዋል። ብዙ ድካም የምታፈሺበት ቦታ አንድ ይሁን፤ እኔ ብሆን የአያትየው እጅና ስኒው ላይ አፈሰው ነበር።

ወጣቷ፦ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ይህን ሁሉ አላደረጉም። ጥላ የለም፣ የሚጠፋ ነጥብ የለም። እነሱ ተሳስተው ነው ወይ?

ሠዓሊው፦ እንዲህ ብለሽ በመጠየቅሽ ደስ አለኝ። አልተሳሳቱም፤ የፈለጉት ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቅዱሱን በአንድ መስኮት ብርሃን ሥር አያስቀምጠውም፤ ግማሽ ፊቱን በጥላ አይጋርድበትም። ክፉውን በአንድ ዓይን፣ ደጉን በሁለት ዓይን ይሥላል። የግብር ሥዕል ላይ ሰዎቹ ፊት ለፊት ያዩሻል፣ ማዕዱ ግን ከላይ እንደታየ ተዘርግቶ ይታያል፤ ምን እንደቀረበ ሁሉም ሰው እንዲያይ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ቀና ብትዪ ኮርኒሱን የሞሉት ኪሩቤል ሁሉም እኩል ያዩሻል፤ ቅርብ ሩቅ የላቸውም። ሸራ ላይ በአካዳሚ ሥርዓት ብርሃንና ጥላን ማስተማር በኛ አገር ሥር የያዘው ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥዕል ትምህርት ቤቱን ከከፈቱ በኋላ ነው። ሁለቱም ያንቺ ናቸው። ለልጆች መጽሐፍ አንዱን ገጽ በድሮው መንገድ፣ ያለ ጥላ፣ በንጹሕ ቀለምና በጥቁር መስመር ብትሠሪው ያምራል። ግን መርጠሽ ሥሪው። ያሁኑ ሥዕልሽ ያስቸገረው ከሁለቱም ቆንጥሮ ከአንዱም ሳይሆን መቅረቱ ነው።

ወጣቷ፦ ከውጭዎቹስ ማንን ልይ?

ሠዓሊው፦ ሆላንዳዊውን ቨርሜርን። በ1675 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው፤ የሱ ናቸው የሚባሉት ሥዕሎች አርባ አይሞሉም፤ አብዛኞቹም ከግራ መስኮት ብርሃን የገባባቸው ክፍሎች ናቸው። ሌላው ዴንማርካዊው ሃመርሶይ ነው። ኮፐንሃገን የሚኖርበትን ቤት ደጋግሞ ሣለው፤ ባዶ ክፍል፣ የተከፈተ በር፣ ጀርባዋን የሰጠች ሴት፤ ከግራጫ ብዙም አይወጣም። አንድ ቤት ለአንድ ሰው ዕድሜ እንደሚበቃ ከሱ ትማሪያለሽ።

ወጣቷ፦ እኔ ግን ሪፈረንስ ስፈልግ የማገኘው ሁሉ የፈረንጅ ሳሎን ነው። ሦስት ዲ ሞዴል ባወርድም ሶፋና የእሳት ማሞቂያ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ቡና የሚያፈሉ አያት ሥራልኝ ብለው ጀበናውን የሻይ ማንቆርቆሪያ አደረገው።

ሠዓሊው፦ ስለዚህ የራስሽን ክምችት ማዘጋጀት ግዴታሽ ነው። ይህን ከምሬ እልሻለሁ። መደብ፣ ጓዳ፣ ቆጥ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ እነዚህን ማንም ሞዴል አድርጎ አያስቀምጥልሽም። እየጠፉም ነው። ደሴ ሙዚየምን ታውቂዋለሽ፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ነው። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘረፈ። ዕቃ ሲሄድ ዕቃው የቆመበት ጥግ፣ የወደቀበት ጥላ፣ አጠገቡ የነበረው ነገር አብሮ ይሄዳል። በየቤቱ ስንት እንደዚህ ያለ ጥግ ጠፍቷል! አስፈቅደሽ ግቢ፣ ቡና ሲፈላ ቁጭ በይና በስልክሽም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ንደፊ። የመደቡን ከፍታ በስንዝር ለኪ፣ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ ጻፊ፣ ሰዓቱን ጻፊ። ሰፊ ቤት መለማመድ ስትፈልጊ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ደሴ ነው። ትልቅ ቦታ ውስጥ ብርሃን እንዴት እንደሚደክም ከመጽሐፍ አታገኚውም፤ የሩቁ ጨለማ ከቅርቡ ጨለማ ፈዘዝ ይላል፣ መሐል ላይ ያለው አየር ያነጣዋል።

ወጣቷ፦ ታዲያ ይህንን ሥዕል ላስተካክለው ወይስ ልተወው?

ሠዓሊው፦ አዲስ ሸራ ክፈቺ። ጀበናሽን፣ ቡፌሽን፣ መሶብሽን አትጣያቸው፤ ቅርጻቸውን ወስደሽ በአዲሱ የዓይን ከፍታ አስተካክዪአቸው። ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክሰል ነው፤ ዳሩ ሲቆረጥ እንዳይጎዳ ትንሽ ጨምሪበት። ነገ የምታሳዪኝ ቀለም የሌለበትን ትንሹን ንድፍ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ማተሚያ ቤት ሲደርስስ? ያለፈው መጽሐፍ ላይ ስክሪን ላይ ያየሁት ቀለም ወረቀቱ ላይ ሞተ።

ሠዓሊው፦ ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት ግን የተሰጠውን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። የማተሚያው አራት ቀለም ደግሞ ስክሪኑ የሚያሳየውን ሁሉ አይደርስበትም፤ ደማቁ ብርቱካንና ሰማያዊ መጀመሪያ ይሞታሉ። ከሰሉ እንዲደምቅልሽ ቀለሙን ከማጋል ይልቅ ዙሪያውን አቀዝቅዢው። የቤት ውስጥ ሥዕል ላይ ግን ከቀለሙ በላይ የሚጎዳው ጨለማው ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ስክሪን ላይ ለይተሽ ያየሻቸው ሦስት ጨለማዎች አንድ ጥቁር ይሆናሉ። ሙሉውን ከማሳተምሽ በፊት አንዷን ገጽ በዚያው ወረቀት አሳትሚና በመስኮት ብርሃን እዪያት። ጥጉ ላይ ያለው ቡፌ ከግድግዳው ካልተለየ ጨለማውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊና ፋይሉን እንደገና ላኪ።